እጅ ሳይነካው የሚታጠፍ፦ ፅንስ ቅርፅ የሚይዝበት መንገድ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

የዛሬው ዝግጅት የሚነሣው ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው፣ ግን ጥቂት ሰው ብቻ «ለምን?» ብሎ ከጠየቀው ነገር ነው።

(የዶሮ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

የሐበሻ ዶሮ እንቁላሏን በአንድ ቀን ጥላ አትጨርስም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሌላ አንድ እያለች አሥር አሥራ ሁለት እስክታደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ከዚያ ትታቀፋለች። ሃያ አንድ ቀን ሲሞላ ግን ጫጩቶቹ እኩል ለእኩል፣ በአንድ ቀን ወይም ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ። መጀመሪያ የተጣለው እንቁላል መጨረሻ ከተጣለው በሁለት ሳምንት ይቀድማል። ታዲያ የእሱ ጫጩት ለምን በሁለት ሳምንት ቀድሞ አይወጣም?

ፅንሱ ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። እንቁላሉ ገና በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሳለ፣ ቅርፊት በሚለብስበት አንድ ቀን ገደማ ውስጥ፣ ፅንሱ ማደግ ጀምሯል። ሲጣል በአስኳሉ አናት ላይ የምትታየው ነጣ ያለች ክብ ነጥብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይዛለች። እንቁላሉ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይቆማል። ልብ በሉ፣ ፅንሱ አይሞትም፤ እድገቱ ነው የሚቆመው። ዶሮዋ ታቅፋው ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሲጠጋ ሁሉም ፅንሶች እድገታቸውን ከቆሙበት እኩል ይቀጥላሉ።

ይህ ትዕግሥት ገደብ አለው። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሞቃት ቦታ የተቀመጠ እንቁላል ደግሞ ሳይታቀፍ ማደግ ይጀምርና መሐል ላይ ይሞታል። ለማስታቀፍ የተያዘ እንቁላል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንለፍ። በዚያች ነጣ ያለች ነጥብ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ምንቃርና ክንፍ ያላት፣ በዓይን የማትታይ ደቃቅ ጫጩት ተጣጥፋ ተቀምጣለች? እድገት ማለትስ የዚያች ደቃቅ ጫጩት መተለቅ ብቻ ነው?

(አጭር ዝምታ)

«አዎ» ያሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ይህ አስተሳሰብ ገዢ ነበር ማለት ይቻላል። ኒኮላስ ሃርትሱከር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1694 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ በወንዴ ዘር ጭንቅላት ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሚጢጢ ሰው ሥሏል። ሥዕሉ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ሃርትሱከር እንዲህ ያለ ሰው በማይክሮስኮፕ አየሁ አላለም፤ ማየት ቢቻል ይህን ይመስላል ብሎ የገመተውን ነው የሣለው። ግምቱ ግን ብዙዎችን አሳምኗል። ሐሳቡን እስከ ጫፉ የወሰዱት ደግሞ በሚጢጢው ሰው ውስጥ ሌላ ሚጢጢ፣ በእሱም ውስጥ ሌላ፣ እንዲህ እያለ እስከ ዓለም ፍጻሜ የሚወለደው ሁሉ ተደራርቦ ተቀምጧል አሉ።

የሚገርመው፣ ሐሳቡ ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል የታቀፉ እንቁላሎችን በተለያየ ቀን እየሰበረ መርምሯል። ከሦስት ቀንና ሌሊት በኋላ ያየው ጫጩት አልነበረም፤ የምትመታ የደም ጠብታ ነበረች፤ ልብ መሆኗ ነው። ክንፍና ምንቃር ገና የሉም። አካላት ተራ በተራ ነው የሚመጡት።

ካስፓር ፍሬድሪክ ቮልፍ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1759 በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ይህንኑ በማይክሮስኮፕ አጠናክሮ አመጣው። ቆየት ብሎም የጫጩት አንጀት ሲጀምር ቱቦ እንዳልሆነ አሳየ። አንጀቱ ዝርግ ሽፋን ሆኖ ይጀምራል፤ ሽፋኑ ይታጠፋል፤ ጠርዞቹ ይገጥማሉ፤ ያኔ ቱቦ ይሆናል። በዘመኑ አንቱ የተባለው አልብሬክት ፎን ሃለር ግን አልተቀበለውም። ቮልፍ በአገሩ የፕሮፌሰርነት ቦታ ሳያገኝ ቀርቶ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደ።

እዚህ ላይ ይህን አንድ ነገር ያዙልን፤ ዛሬ ደጋግመን እናነሣዋለን። ፅንስ ትንሽ ሰው ወይም ትንሽ ጫጩት ሆኖ አይጀምርም። ዝርግ ሆኖ ይጀምርና ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ተስቦ ቅርፅ ይይዛል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንዴት ይታጠፋል? መጀመሪያ ሽፋኑ አንድ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዶሮዋ በታቀፈች በመጀመሪያው ቀን በዝርጉ ፅንስ መሐል ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። በላይኛው ሽፋን ላይ ያሉ ሕዋሳት ወደዚህ መስመር ይጓዙና እዚያ ሲደርሱ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ጉዞው ሲያበቃ ፅንሱ ሦስት ድርብ ሆኗል። ከላይኛው ድርብ ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንት፣ ደምና ኩላሊት፣ ከታችኛው ደግሞ የአንጀትና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን እንዲሁም ጉበት ይወጣሉ። ይህን ድርብርብ መጀመሪያ በዶሮ እንቁላል ላይ ለይቶ የጻፈው ክርስቲያን ፓንደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1817።

የፓንደር ወዳጅ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ሦስቱን ድርቦች በሌሎች እንስሳትም ላይ አገኛቸው። ፎን ቤር ራሱ ከጻፈው አንድ ገጠመኝ አለ። ሁለት ትናንሽ ፅንሶች በአልኮል ውስጥ አስቀምጦ የምን እንስሳ እንደሆኑ ሳይጽፍባቸው ቀረ። በኋላ ቢያያቸው የእንሽላሊት ይሁኑ የወፍ ወይም የአጥቢ እንስሳ መለየት አልቻለም። በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ ፅንስ የሚያውቅ ሰው ማግኘት በሚያስቸግርበት ዘመን መሆኑ ነው!

አሁን ወረቀት በእጃችሁ ያለ አድማጮች አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ በቁመቱ ዘርጉት። የግራና የቀኙን ረጅም ጠርዝ ቀና ቀና አድርጉና አናት ላይ አጋጥሟቸው። ምን ተሠራ? ቱቦ። የፅንሱ የላይኛው ድርብ በጀርባ በኩል ልክ እንዲህ ያደርጋል። መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ግራና ቀኙ ይነሣል፤ ጠርዞቹ ይገጥማሉ፤ ይጣበቃሉ። ያ ቱቦ የነርቭ ቱቦ ይባላል። የፊተኛው ጫፉ እየሰፋ አንጎል፣ የተቀረው ሕብለ ሰረሰር ይሆናል።

ወረቀቱን ያጠፈው የእናንተ እጅ ነው። ፅንሱን የሚያጥፈውስ ማን ነው?

(አጭር ዝምታ)

ከውጭ የሚያጥፈው እጅ የለም። የሚያጥፉት ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው። በየሕዋሱ አናት ላይ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ፤ ጡንቻን የሚያኮማትሩት ፕሮቲኖች ቤተሰብ ናቸው። ክሮቹ ሲሸበቡ የሕዋሱ አናት ይጠባል፤ ታቹ ግን እንደ ሰፋ ይቀራል። አንድ ሕዋስ ቢጠብ ምንም አይታይም። ጎን ለጎን የተደረደሩ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ አናታቸውን ሲያጠቡ ግን ሽፋኑ ሳይወድ በግድ ይሰረጉዳል። በዚያው ሰዓት ሌሎች ሕዋሳት በጎረቤቶቻቸው መሐል እየተሽሎከሎኩ ይገባሉ፤ አጭርና ሰፊ የነበረው ፅንስ ቀጭንና ረጅም ይሆናል።

የስዊዘርላንዱ ሐኪም ቪልሄልም ሂስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መተጣጠፍ የጎማ ቱቦ እያጠፈ አስረድቷል። ቅርፅ የሚመጣው ከመገፋትና ከመሳሳብ ነው ሲል ታዋቂው ኤርንስት ሄክል ክፉኛ ተሳለቀበት። የዛሬ ተመራማሪዎች የአንድ ሽፋንን ውጥረት በሌዘር እየቆረጡ ሲለኩ የሚሠሩት የሂስን ሥራ ነው። ሳቁ በማን ላይ እንደቀረ ለአድማጭ እንተወዋለን።

(ሙዚቃ፤ ለ15 ሰከንድ ያህል)

ከዶሮ ወደ ሰው እንምጣ። የሴቷ እንቁላል የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ታህላለች። ከተፀነሰች በኋላ እየተከፋፈለች፣ ሳምንት ገደማ ሲሆናት ከማህፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ ትጀምራለች። በሦስተኛው ሳምንት ያ ቀጭን መስመር በሰው ፅንስም ላይ ይወጣል፤ ሦስቱ ድርቦች ይሠራሉ። በ22ኛው ቀን አካባቢ ልብ መምታት ትጀምራለች። የነርቭ ቱቦው ጠርዞችም በዚሁ ጊዜ አንገት አካባቢ ይገናኛሉ። ከዚያ መግጠሙ ወደ ላይም ወደ ታችም ይቀጥላል። የላይኛው ጫፍ በ25ኛው ቀን፣ የታችኛው ጫፍ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል።

አሁን አብረን እናስላ። አንዲት ሴት የወር አበባዋን የምትጠብቀው ከፀነሰች ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቢቀርባት ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል ብላ አንድ ሳምንት ትጠብቃለች፤ ምናልባትም ሁለት። ሁለት ሳምንትና ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት፤ 28 ቀን። አየር ላይ የነበረው ጥያቄ «ፀንሼ ይሆን?» የሚለው ነበር፤ የልጁ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ ግን ተዘግቶ አልቋል። ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

ሳይዘጋ ሲቀር ምን ይሆናል? የላይኛው ጫፍ ክፍት ከቀረ የአንጎልና የራስ ቅል ትልቁ ክፍል አይሠራም፤ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። የታችኛው ክፍት ከቀረ ጀርባው ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ተጋልጦ ይወለዳል። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። ብዙዎቹ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ውስጥም ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር ከብዙ አገሮች በላቀ ቁጥር እንደሚታይ አሳይተዋል።

በየሰፈሩ የሚባለውን አድማጮች ታውቃላችሁ። እርግማን ነው፤ ነፍሰ ጡር ሆና ያየችው ነገር ነው፤ የእናት ኃጢአት ነው። አይደለም። በአራተኛው ሳምንት መግጠም የነበረበት ጠርዝ ሳይገጥም መቅረቱ ነው።

መከላከል ይቻላል? አብዛኛውን ጊዜ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። በሰባት አገሮች ውስጥ፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዙ ሴቶች ተሳተፉበት። ገና ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ የጀመሩት ሴቶች ችግሩ የሚደገምባቸው ዕድል ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ግድም ወረደ። ፎሊክ አሲድ ከቫይታሚን ቢ ወገን ነው፤ ሕዋሳት በፍጥነት ሲበዙ የዘር መረጃቸውን ለመገልበጥ ይፈልጉታል። በዚያ ሳምንት የፅንስ ሕዋሳትን ያህል በፍጥነት የሚበዛ የለም ማለት ይቻላል።

የሚመከረው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር። ቀድሞ የነርቭ ቱቦው ያልተዘጋ ልጅ ያረገዘች እናት ግን ከፍ ያለ መጠን ሐኪም ያዝላታል። የስኳር ሕመም ያለባት ወይም ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴትም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ መድኃኒቷን ግን በራሷ ውሳኔ እንዳታቋርጥ።

እንድገመው፤ ይህ የሚደገም ነገር ነውና። መቼ? ከመፀነስ በፊት። ሆድ ከገፋ በኋላ አይደለም፤ የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን እንኳን ዘግይቷል። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ ያለበት እንክብል ደም ማነስን ለመከላከል በጣም ይጠቅማል፤ ይወሰድ። የነርቭ ቱቦው ግን በአብዛኛው እናቲቱ ካርድ ሳታወጣ ተዘግቷል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ቫይታሚኑን በተፈጥሯቸው ይዘዋል፤ ሆኖም ምግብ ብቻውን ብዙ ጊዜ የሚፈለገውን መጠን አያደርስም። ስለዚህ ብዙ አገሮች ፎሊክ አሲዱን ከዱቄት ጋር ይቀላቅላሉ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። በኢትዮጵያም የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። መልካም ጅምር ነው። ግን ጤፏን፣ በቆሎዋን ወይም ማሽላዋን በአካባቢዋ ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ እናት የፋብሪካ ዱቄት ቤቷ አይደርስም፤ የሚደርስላት ከመፀነስ በፊት የሚወሰደው የፎሊክ አሲድ እንክብል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሌላ ጥያቄ። ሕዋሳቱ በሙሉ ከአንዲት እንቁላል የወጡ ናቸው። ታዲያ አንዱ «እኔ ጀርባ ነኝ»፣ ሌላው «እኔ ሆድ ነኝ» ብሎ በምን ያውቃል?

ይህን የሚመልስ ሙከራ በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ሂልዴ ማንጎልድ የተባለች ወጣት ተማሪ ናት። መምህሯ ሃንስ ሽፔማን ነበር። የሠሩበት እንስሳ ኒውት ይባላል፤ የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ መልኩ ግን እንሽላሊት ይመስላል። በዚያ ቤተ ሙከራ ፅንስ የሚቆረጠው በሹል የመስታወት መርፌና ከሕፃን ፀጉር በተሠራ ቀለበት ነበር፤ ከዚያ የቀጠነ መሣሪያ አልነበረምና።

ሂልዴ መልኩ ከነጣ የኒውት ዝርያ ፅንስ ላይ፣ ሕዋሳት ወደ ውስጥ ከሚሰምጡበት ቦታ በላይ ካለው ከንፈር፣ ቁራጭ ወሰደች። ጠቆር ካለ ሌላ ዝርያ ፅንስ ሆድ ላይ ተከለችው። አንቲባዮቲክ በሌለበት ዘመን ስለነበር አብዛኞቹ ፅንሶች ሞቱባት። የተረፉት ጥቂቶች ግን ሆዳቸው ላይ ሁለተኛ ፅንስ አበቀሉ፤ የራሱ የነርቭ ቱቦና ጀርባ ያለው። ሁለት ቀለም የመምረጧ ጥበብ የታየው እዚህ ላይ ነው። የሁለተኛው ፅንስ ነርቭ በአብዛኛው ጠቆር ያለ ነበር። ማለትም የተተከለችው ቁራጭ ነርቩን ራሷ አልሠራችም፤ ሆድ ሊሆኑ የነበሩትን ጎረቤቶቿን ነርቭ እንዲሆኑ አደረገቻቸው።

ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1924 ታተመ። በዚያው ዓመት ሂልዴ የቤቷ ማሞቂያ ፈንድቶ ባደረሰባት ቃጠሎ 26 ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ሽፔማን እ.ኤ.አ. በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቁራጯ ወደ ጎረቤቶቿ የምትልካቸው ፕሮቲኖች ማንነት የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

ግራና ቀኝስ? ልብ ወደ ግራ ታደላለች፤ ጉበት በቀኝ ነው። ይህንን መጀመሪያ የሚወስነው፣ በአይጥ ፅንስ ላይ እንደታየው፣ በፅንሱ ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ የሚሽከረከሩ ደቃቅ ፀጉሮች ናቸው። ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሙከራ ፈሳሹን በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ቀኝ ቢያፈሱት የአይጦቹ የውስጥ አካል ግራና ቀኙ ተገለበጠ። ፀጉሮቻቸው የማይንቀሳቀሱ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ነው፤ ግማሹ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው። ፈሳሹ ካልመራ ዕጣ ይጣላል ማለት ነው።

(የዳክዬ ድምፅ፤ ከዚያ የዶሮ ድምፅ)

የመጨረሻው ነገር ሞት ነው፤ የሕዋሳት ሞት። መታጠፍና መሳሳብ ብቻውን ሁሉንም ቅርፅ አያመጣም። በስድስተኛው ሳምንት ግድም የሰው ፅንስ እጅ ጣቶቹ ያልተለያዩ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከዚያ በጣቶቹ መሐል ያሉ ሕዋሳት ራሳቸውን ያጠፋሉ። በስምንተኛው ሳምንት ማብቂያ አምስቱ ጣቶች ለየብቻ ቆመዋል።

የዶሮ እግር ጣቱ የተለያየ፣ የዳክዬ ግን በቆዳ የተያያዘ የሆነው ለምንድን ነው? በሁለቱም ፅንሶች ጣቶች መሐል የሞት ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን አለ። ዳክዬ ትእዛዙን የሚያግድ ሌላ ፕሮቲን እዚያው ቦታ ላይ ታመርታለች፤ ዶሮ አታመርትም። ተመራማሪዎች ይህንኑ አጋጅ በዶሮ ፅንስ ጣቶች መሐል ቢያስቀምጡ ቆዳው ሳይጠፋ ቀረ።

በሰውም ላይ ትእዛዙ ሳይፈጸም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁለት የእግር ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ ሰው ምናልባት በቤታችሁም ይኖር ይሆናል፤ ከአውራ ጣት ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ላይ ይበዛል፤ ከመራመድ አያግድም። የእጅ ጣቶች ሲሆኑ ግን ሐኪም ማየቱ ይሻላል፤ በልጅነት በቀዶ ሕክምና ይለያያሉ።

አድማጮች፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጥያቄ እንገናኛለን፦ ሳንባው ዘጠኝ ወር ሙሉ በፈሳሽ ተሞልቶ የኖረ ሕፃን ያ ሁሉ ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ የት ይሄድለታል? እስከዚያው የራሳችሁን ግምት ጻፉልን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)